የተሰረዙት ፊቶች፦ የአንድ ጌም ቤት ጉዳይ

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከብሎኮቹ በአንዱ ሥር፣ አንዲት ጌም ቤት አለች። በአንድ ጎኗ ፀጉር ቤት፣ በሌላው ጎኗ እንጀራ የሚሸጥበት ሱቅ ነው። ውስጧ ሦስት ፕሌይስቴሽንና አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አለ። ፕሌይስቴሽኖቹ ላይ ቀኑን ሙሉ ኳስ ነው። ክፍያው በጨዋታ ነው፤ ተሸናፊ ይከፍላል። ጥግ ላይ ያለው ዴስክቶፕ ግን በሰዓት ነው። ወረፋ የሚይዙለት ኳስ የማይወዱ፣ ወይም ኳስ ኪሳቸውን ያራቆተው ልጆች ናቸው።

ጉዳዩ የተነሳው ከዚህ ዴስክቶፕ ነው።

የባለቤቱ ታናሽ እህት ዘጠነኛ ክፍል ናት። ከትምህርት ቤት መልስ ቤቱን ትጠብቃለች። ማታ ደንበኛ ሲሳሳ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ትቀመጣለች። አንደርቴል የሚባለውን ጌም ይዛ፣ ማንንም ሳትገድል፣ እስከ መጨረሻው ወሰደችው። ጌሙን የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ያውቃል። መጨረሻው ላይ፣ በመንገድ ያፈራቻቸው ወዳጆች ሁሉ አብረው የተነሱት ፎቶ ይመጣል። ፎቶው መጣ። የወዳጆቿ ፊት ግን በሙሉ በቀይ ኤክስ ተሰርዟል። አብሯቸው የቆመውም እሷ ስትመራው የከረመችው ልጅ አይደለም። ሌላ ልጅ ነው።

«ቫይረስ ገብቶበታል» አለች። ወንድሟም ኮምፒውተሩን ፎርማት ሊያደርገው ተነሳ። እኔ ሰፈር ውስጥ ኮምፒውተር ስለምጠግን፣ ከፎርማቱ በፊት አንዴ እንዳየው ተጠራሁ።

ቫይረስስ ነበረ። ያገኘው ሁሉ ፍላሹን የሚሰካበት ኮምፒውተር ያለ ቫይረስ አይውልም። ፎቶውን ያበላሸው ግን ቫይረሱ አይደለም። ጌሙ ራሱ ነው፤ ያውም አውቆ። ከእሷ በፊት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ የነበረ ሰው የሠራውን አልረሳም።

ጌሙ ምን ዓይነት ነው?

አንደርቴል የወጣው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15፣ 2015 ነው። በእኛ መስከረም 4 ቀን 2008 መሆኑ ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው ከአምስት ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ጌሙና ባቡሩ እኩዮች ናቸው። አሜሪካዊው ቶቢ ፎክስ ታሪኩንም፣ ሙዚቃውንም፣ ፕሮግራሙንም አብዛኛውን ብቻውን ነው የሠራው። በሥዕሉ ቴሚ ቻንግ አግዛዋለች። ለሥራው ገንዘብ ያገኘው በ2013 በኪክስታርተር ከሕዝብ ሲሆን፣ የተሰበሰበው 51,124 ዶላር ነበር። ሥዕሉ የድሮ ጌም ይመስላል። 200 ሜጋባይት ቦታና 2 ጊጋባይት ራም ካገኘ ይሄዳል። የአራብሳውን አሮጌ ዴስክቶፕ ያልናቀውም ለዚህ ነው። አንድ ልጅ በፍላሽ ይዞት መጣና እዚያው ቀረ።

ታሪኩ ሲታይ ቀላል ነው። አንድ ልጅ ኢቦት ከሚባል ተራራ ወድቆ፣ ከመሬት በታች ወዳለ የጭራቆች አገር ይገባል። የሚገጥመውን ጭራቅ ወይ ይመታል፣ ወይ ይምራል። መንገድ ላይ ቢጫ ኮከብ ባገኘ ቁጥር ሴቭ ያደርጋል፤ የደረሰበትን ያስቀምጣል ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ጉድ የለውም።

ጉዱ ያለው ሴቩ ላይ ነው። በአብዛኛው ጌም ሴቭ ማድረግ የተጫዋቹ ጉዳይ ነው፤ ታሪኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች አያውቁትም። በ2004 የወጣውን ሳን አንድሪያስ የሚባል ጌም የተጫወተ ሁሉ ያስታውሳል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሲጄ በጥይት ተበሳስቶ ይሞታል፣ ሆስፒታል በር ላይ ይነሳል፣ መሣሪያውንና ትንሽ ብሩን ይነጠቃል፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ መንገዱን ይቀጥላል። «አንተ ቅድም ሞተህ አልነበር እንዴ?» የሚለው ሰው የለም። ካልተመቸህም ከሜሞሪ ካርዱ ሎድ አድርገህ፣ ማለትም ያስቀመጥከውን መልሰህ ከፍተህ፣ ቀኑን ከአዲስ ትጀምራለህ።

አንደርቴል ውስጥ ግን የሚያስታውስ አለ። ፍላዊ የሚባል ፈገግተኛ አበባ። ሎድ ስታደርግ ያያል። ከዚያ በፊት የሠራኸውንም ያውቃል፤ ፊት ለፊት ይነግርሃል።

የመጀመሪያው ምልክት

ፎቶው ከመበላሸቱ ብዙ ቀደም ብሎ አንድ ነገር ታይቶ ነበር። ያኔ ግን ሁሉም ሙድ ይዘውበት አለፉት።

ጌሙ መጀመሪያ አካባቢ ቶሪየል የምትባል ሴት አለች። መልኳ ፍየል፣ ጠባይዋ እናት ነው። ልጁን ቤቷ ታስገባለች፣ ኬክ ትጋግርለታለች፣ «ወደ ውጭ ከወጣህ ይገድሉሃል» ብላ በር ላይ ትቆማለች። ለማለፍ ከእሷ ጋር መፋለም ግድ ነው። እንዴት እንደሚምራት ያልገባው ጀማሪ ብዙ ጊዜ ይገድላታል።

ስድስተኛ ክፍል የሆነ አንድ ልጅ ገደላት። ደነገጠ። ሊያስተካክለው ጌሙን ዘግቶ ሲከፍት ሰዓቱ አለቀ፤ ተነስቶ ሄደ። ቀጥሎ የተቀመጠው ልጅ ከዚያው ኮከብ ቀጠለ። እሱ ነቄ ነበር። ደጋግሞ «ማር» እያለ ቶሪየልን አሳለፋት። ደስ ብሎት በሩን ሲወጣ ፍላዊ ጠበቀውና ገድለሃት ነበር፣ ከዚያ ስለቆጨህ ወደ ኋላ ተመለስክ የሚል ነገር አለው።

ልጁ ወደ ባለቤቱ ዞሮ «ኧረ ብሮ፣ እኔ አልገደልኩም!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ለሳምንት ያህል ስሙ ገዳዩ ሆኖ ቀረ።

እንደ ቀልድ ያለፈው ይህ ነገር ጉዳዩን በሙሉ ይዟል። ጌሙ ሰውን አያውቅም። የሚያውቀው ኮምፒውተሩን ነው። አንድ ኮምፒውተር ላይ አንድ ሰው ብቻ እንደሚቀመጥ እርግጠኛ ሆኖ ነው የተሠራው።

ትልቁ ልጅ

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን ጨርሶ ክረምቱን ቤት የዋለ ልጅ አለ። ትልቁ ልጅ እለዋለሁ። ሳንስ የሚባለውን አፅም መግጠም ፈለገ። የሳንስ ውጊያ በዩቲዩብና በቴሌግራም ብዙ የተባለለት ነው። ችግሩ ይህን ውጊያ የሚያገኘው ሁሉንም የገደለ ሰው ብቻ መሆኑ ነው። ሁሉንም ማለት ሁሉንም ነው። የመጀመሪያው ሰፈር ውስጥ ብቻ 20 ጭራቅ እየፈለጉ መጨረስ ያስፈልጋል። ቀሪዎቹን ኮከቡ ይቆጥርልሃል። ሲያልቁ፣ ውጊያ ሲጠበቅ ማንም አይመጣም። ሙዚቃው ተጎትቶ ይቀዘቅዛል። ቀጥሎ የምትገባበት ከተማ ነዋሪዎቹ ሸሽተው ባዶ ነው። ሱቁ ውስጥ ባለሱቋ የለችም፤ ማስታወሻ ትታ ሄዳለች።

ይሄ አሰልቺ ነው፤ ሆን ተብሎም ነው አሰልቺ የተደረገው። ትልቁ ልጅ ግን ጊዜ ነበረው።

ሳንስ ጋ ሲደርስ ጌም ቤቷ ውስጥ ኳስ ቆመ ማለት ይቻላል። ሳንስ የመጀመሪያውን ምት ሳያስጠነቅቅ ይሰነዝራል። መጀመሪያ የተቀመጠ ሁሉ በሰከንዶች ውስጥ ነው የሚሞተው። ሞተህ ስትመለስ ፊትህን አይቶ ስንት ጊዜ እንደሞትክ ይናገራል። ይሄ የሁለት ጊዜ ሟች ፊት ነው፣ ይሄ የሦስት ጊዜ ሟች ፊት ነው እያለ ይቆጥራል። ልጆቹ እንደ ኳሱ ተራ ያዙ፤ የሞተ ይነሳል፣ ቀጣዩ ይቀመጣል። ስለዚህ ገና ወንበሩ ያልሞቀውን ልጅ ሳንስ አምስት ጊዜ ሞተሃል ይለዋል። ከኋላ የቆመው ጀማ ይስቃል። እንግሊዝኛ የሚችለው አንዱ ጮክ ብሎ ወደ አማርኛ እየመለሰ ያነብላቸዋል። የኳስ ኮሜንታተር ነው የሚመስለው።

ውጊያው መሃል ላይ ሳንስ እርቅ ያቀርባል። «ማር» የሚለውን ተጫንና ሁሉም ያብቃ ይልሃል። አንዱ የዋህ አመነውና ተጫነ። ሳንስ እዚያው ጨረሰው። በእውነት ወዳጄ ከሆንክ ሁለተኛ አትመለስም ብሎትም ሄደ። ልብ በሉ፣ ጌሙ በግልጽ ሎድ አታድርግ እያለ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ግን ወረፋ አለ። ቀጣዩ ልጅ ከፍሏል።

በመጨረሻ ያሸነፈው ትልቁ ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ ቻራ የምትባል ልጅ ትመጣለች (ወንድ ነው የሚሉም አሉ፤ ጌሙ አይወስንም) እና ዓለሙን በሙሉ ታጠፋዋለች። እሺ ብትልም እምቢ ብትልም ለውጥ የለውም። መስኮቱ ይንቀጠቀጥና ጌሙ ራሱን ይዘጋል። ደግመህ ስትከፍተው ጥቁር ነው። የነፋስ ድምፅ ብቻ። ምንም ብትጫን ወፍ የለም።

እዚህ ጋ ባለቤቱ ኮምፒውተሩ ሃንግ ያደረገ መስሎት ተናደደ። ትልቁ ልጅ «ሰዓቴ እየሄደ ነው፣ ብሬን መልስ» አለ። በእርግጥ ጌሙ የሚፈልገው አሥር ደቂቃ ያህል በጨለማው ውስጥ መጠበቅ ነው። ቤቱ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ለሚጫወት ሰው አሥር ደቂቃ ይገርማል፣ ያስፈራል። በሰዓት ለሚከፍል ልጅ ግን ንጹህ ኪሳራ ነው። ትልቁ ልጅ እየተነጫነጨ ሰዓቱን ሳይጨርስ ወጣ። ጌሙ ተከፍቶ፣ ነፋሱ እየነፈሰ ቀረ።

ቀጥሎ ተረኛ የነበረው ኮፍያ የማይለየው የሰባተኛ ክፍል ልጅ ነው። ተቀመጠ። ጨለማው ውስጥ የቻራ ጽሑፍ መጣ። ዓለሙን መልሰን ልንሠራው እንችላለን፣ ግን አንድ ነገር ትሰጠኛለህ የሚል። የሚጠየቀው ነፍሱን ነው። ልጁ ግማሹን አላነበበውም፤ ያነበበውም አልገባውም። «እሺ» የሚለውን ተጫነ። ጌሙ ተከፈተለት። ቶሪየል እንደገና በሕይወት አለች፣ ሁሉም ወደ ቦታው ተመልሷል። ልጁ ያሰበው ኮምፒውተሩን እንዳስተካከለ ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ እዚያ ኮምፒውተር ላይ የቱንም ያህል ንጹህ ሆኖ ለሚጫወት ሰው የሚጠብቀው ቻራ የቆመችበት የተሰረዘው ፎቶ ነው። ተጫዋቹ ከቶሪየል ጋር እቀራለሁ የሚል ምርጫ ከመረጠ ደግሞ ፎቶ የለም። ልጁ አልጋው ላይ ሆኖ ዓይኑን ሲከፍት ቀይ ነው፤ ይስቃልም። ጌሙ ውስጥ ሁሉንም ከዜሮ የሚያስጀምር ሪሴት አለ። እሱም ይህን አያጠፋውም።

ፋይሎቹ

ዊንዶውስ ላይ ጌሙ የሚያስታውሰውን የሚያስቀምጠው አፕዳታ የሚባለው የተደበቀ ፎልደር ውስጥ፣ ሎካል በሚለው ሥር ነው። የተደበቁ ፋይሎችን እንዲያሳይ ካደረግን በኋላ ተገኙ። አንደኛው ሲስተም ኢንፎርሜሽን 962 ይላል፤ ሁለተኛው 963። ስማቸው ሆን ተብሎ አሰልቺ ነው፤ ያየ ሰው የዊንዶውስ ንብረት መስሎት እንዲያልፈው። 962 የሚፈጠረው ዓለሙ ሲጠፋ ነው። 963 የሚፈጠረው ነፍሱ ሲሸጥ ነው።

ሁለቱም ፋይሎች የተፈጠሩበት ቀንና ሰዓት አላቸው። የማዘርቦርዱ ባትሪ ደህና ስለነበረ ሰዓቱ ይታመናል። (ባትሪው የሞተ ኮምፒውተር መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑን ረስቶ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። እዚህ ሰፈር ብዙ አይቻለሁ።) ባለቤቱ ደግሞ ማን መቼ እንደተቀመጠ የሚመዘግብበት ደብተር አለው፤ የሒሳብ ደብተር፣ ገጹ ሻይ የጠጣ። ፋይሎቹንና ደብተሩን አስተያየናቸው። 962 በትልቁ ልጅ ሰዓት ላይ ወደቀ። 963 በባለኮፍያው።

ነገሩ የተወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ገደለ። ሌላው ፈረመ። ሦስተኛዋ ተቀጣች።

እሁድ ከሰዓት ቤቱ ገና ሳይሞላ ተቀምጠን ተነጋገርን። ሽምግልና ማለት ይበዛበታል፤ ግን መልኩ እንደዚያው ነበር። ባለኮፍያው ገና ከመጀመሩ ማልቀስ ዳዳው። «ጋሼ፣ እኔ ምን አጠፋሁ? እሺ በል አለኝ፣ አልኩ» አለኝ። ማንም አልተቆጣውም። የገረመኝ ትልቁ ልጅ ነው። ፋይሎቹ እንዲጠፉ አልፈለገም። «ሳንስን ማሸነፌ የሚታወቅበት ምን ሊቀር ነው?» አለ። ቀጠለና «ደግሞ ገድያለሁ፤ አልገደልኩም ብዬ አልክድም» አለ። የባለቤቱ እህት ብልጭ አለባት። «አንተ አትካድ! እኔን ግን ለምን ትጨምረኛለህ?»

ባለቤቱ የነጋዴ ነገር ተናገረ። የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ አምፖል ሲቃጠል ማን እንዳቃጠለው አይጠየቅም፣ ሁሉም ያዋጣል፤ ይሄም እንደዚያው ነው አለ። እህቱ አልተቀበለችውም። እኔም አልተቀበልኩትም። ጌሙ የሚያስቀጣው በደል የግል ነው። ክብደቱ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ራስህ ገድለህ፣ ራስህ ነፍስህን ሸጠህ፣ ከዚያ ጥሩ ሰው ነኝ ብለህ ፎቶ ስትነሳ ነው ቀዩ ኤክስ የሚወጋህ። ላልሠራ ሰው ሲደርስ ቅጣት መሆኑ ቀርቶ የፋይል ስህተት ይሆናል። እሷ ቫይረስ ማለቷ ትክክል ነበር ማለት ይቻላል፤ ከሌላ ሰው የተጋባባት ነገር ነውና።

ሌሎቹስ?

ይህ የአንደርቴል ብቻ ችግር ነው ወይ? አይደለም። ጌም ቤት የማያውቁ ጌሞች ብዙ ናቸው።

በ1998 በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን በወጣው ሜታል ጊር ሶሊድ ውስጥ ሳይኮ ማንቲስ የሚባል ጠላት አለ። አእምሮህን አነባለሁ ይልና ሜሞሪ ካርድህን ያነባል። ካርዱ ላይ የሠሪው ኩባንያ የኮናሚ ሌላ ጌም ሴቭ ካገኘ ስሙን ጠርቶ ትወደዋለህ ይልሃል። ሴቭ የማድረግ ልማድህንም ይተቻል። ሜሞሪ ካርዱ የቤቱ በሆነበት ቦታ ማንቲስ የሚያነበው የጎረቤትህን አእምሮ ነው።

ዋንሾት የሚባለው ጌም ደግሞ ለእኛ ሰፈር ጭራሽ አይሆንም። በ2014 በነፃ የወጣው የመጀመሪያው ቅጂ መስኮቱን ዝም ብለህ ከዘጋህበት፣ ኒኮ የሚባለው ዋናው ልጅ ይሞታል። ሁለተኛ ዕድል የለም። መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን እንጃ። በ2016 ተሻሽሎ የወጣው ግን በዚህ ረገድ ለስለስ ያለ ነው። ወረፋ ያለበት ቤት ከሆነ እሱ ይሻላል።

ዶኪ ዶኪ ሊተሬቸር ክለብን (2017) ልጆቹ ሰምተውታል፤ በነፃ ስለሚገኝ ጠየቁኝ። የትምህርት ቤት ፍቅር መስሎ ይጀምራል፤ መሃል ላይ ሴቭህን ያጠፋብሃል፤ መጨረሻ ላይ ፎልደር ውስጥ ገብተህ የአንዷን ገጸ ባሕርይ ፋይል በእጅህ ማጥፋት አለብህ። ብልሃቱን አደንቃለሁ። ራስን ማጥፋት በግልጽ ስለሚያሳይ ግን ለባለቤቱ አይግባ አልኩት። ስድስተኛ ክፍል ልጆች የሚገቡበት ቤት ነው።

የሚስማሙም አሉ። በ2003 የወጣው የፕሪንስ ኦፍ ፐርዢያ ሳንድስ ኦፍ ታይም ውስጥ ታሪኩን የሚተርከው ራሱ ልዑሉ ነው። ስትሞት «አይ፣ እንዲህ አልነበረም» ዓይነት ነገር ይልና ወደ ኋላ ይመልስሃል። ሞትህ ያጋጣሚ የትረካ ስህተት ሆኖ ይቀራል፤ ማንም ዕዳ አይገባም። ሄደስም (2020) ጥሩ ነው። ዛግሪየስ ከአባቱ ከሙታን አገር ሊያመልጥ ይሞክራል፣ ይሞታል፣ እቤቱ ደም ገንዳ ውስጥ ይነሳል፤ በር ላይ ያለው ሂፕኖስ ምን እንደገደለው አንብቦ ይተርበዋል። በሞትክ ቁጥር ቤተሰቡ አዲስ ወሬ አለው። ደግሞ ከአንድ በላይ የሴቭ ቦታ ስላለው ሁለት ልጆች ሳይነካኩ መጫወት ይችላሉ።

ለአራብሳው ጉዳይ በጣም የቀረበው ግን የቆየ ነው። ፕሌንስኬፕ ቶርመንት፣ 1999። ስም የሌለው ሰው ሬሳ ቤት ውስጥ ይነቃል። ሞት አይይዘውም፤ ቢገደልም ይነሳል። ተጫዋቹ ይህን እንደ ምቾት ይወስደዋል። ቆይቶ ነው የሚገለጥለት፤ እሱ በሞተ ቁጥር በዓለሙ ላይ ሌላ አንድ ሰው በእሱ ፈንታ ሞቷል። ይህን ለባለቤቱ እህት ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና «እኔ እኮ ያቺ ሌላዋ ነኝ» አለች።

የተደረገው

ሁለቱን ፋይሎች ከኮምፒውተሩ አነሳናቸው። ማጥፋት አላልኩም፤ ትልቁ ልጅ ፍላሽ አምጥቶ ወሰዳቸው። የባለቤቱ እህት ከመጨረሻው ሴቭ ተነስታ መጨረሻውን ደገመችው። ፎቶው ንጹህ ሆኖ መጣ። በስልኳ አንስታ የቴሌግራም ፕሮፋይል አደረገችው።

ጌሙን በማግሥቱ ስትከፍተው ፍላዊ ጠበቃት። ሁሉም ደስ ብሏቸው እየኖሩ ነው፣ አሁን የቀረው ስጋት አንቺ ብቻ ነሽ፣ እባክሽ ሪሴት አታድርጊ፣ ኑሯቸውን ይኑሩ ብሎ ይለምናል። በጣም ያምራል። እሷ አንጀቷን በላት፣ ጌሙን ሁለተኛ ማንም እንዳይነካው ፈለገች። ወንድሟ ግን «እሱ ሲለምን ኪራዩን ማን ይከፍልልኛል?» አለ። ሁለት ልጆች ከመጀመሪያው ሊጀምሩት ወረፋ ይዘው ነበር።

ስለዚህ የማያዳግም መፍትሔ ያስፈልግ ነበር። ቀላሉ መንገድ ለየልጁ የዊንዶውስ አካውንት መክፈት ነው። የጌሙ ትውስታ ያለው በአካውንቱ ውስጥ ስለሆነ አንዱ የሌላውን አይነካም። ግን ልጆቹ ፓስወርድ ይረሳሉ፣ ኮምፒውተሩም ከአካውንት አካውንት ሲቀይር ያጣጥራል። ስለዚህ በየስማቸው ፎልደር ከፈትንላቸው። ልጁ ሲቀመጥ የእሱ ፎልደር ወደ ጌሙ ቦታ ይገለበጣል፤ ሲነሳ ወደ ስሙ ይመለሳል። ጥቂት መስመር ትእዛዝ ጻፍኩና ዴስክቶፑ ላይ አስቀመጥኩት፤ ሁለቴ መጫን ብቻ ነው። ፎልደሩ ሳይገለበጥ መብራት ከሄደ የዚያ ሰዓት ጨዋታ አደጋ ላይ ስለሚወድቅ ባለቤቱ ያገለገለ ዩፒኤስ ገዛ። ኮምፒውተሩን በሥርዓቱ እስኪዘጉት ያቆያል።

ፍትሕ መጣ። ከፍትሑ ጋር ግን የጌሙ ጥርስ ወለቀ። ፎልደር መገልበጥ የቻለ ልጅ ፍላዊን መፍራት ትቷል። ቶሪየልን ይገድላል፣ ይስቃል፣ የትናንቱን ፎልደር ይመልሳል፤ አበባውም ምንም አያውቅም። ትልቁ ልጅ መጥቶ አይቶ «አሁንማ ኳስ አደረጋችሁት» አለ። ልክ ነው። እኔ ግን ከተበላሸ ቁምነገርና ከተበደለች ልጅ አንዱን ምረጥ ብባል የትኛውን እንደምመርጥ አልጠራጠርም።

ያላሰብነው ሌላ ነገር ነው። ልጆቹ ያ 963 የሚባለው ፋይል ምን እንደሚሠራ አወቁ። ከትልቁ ልጅ ፍላሽ ላይ በምን መንገድ እንደወጣ እንጃ፣ ቅጂው ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመረ። አሁን አንዱ ከአንዱ ከተጣላ፣ ዞር ሲልለት ፋይሉን ፎልደሩ ውስጥ ይከትለታል። ተበዳዩ ምንም አያውቅም። ሳይገድል፣ ተጠንቅቆ፣ ብዙ ሰዓት ከፍሎ ይጫወትና መጨረሻ ላይ ኤክሱ ይወጣለታል። ባለኮፍያው ሁለት ጊዜ ደርሶበታል። እሱም በተራው አንድ ሰው ላይ እንደከተተ ይጠረጠራል፤ ይክዳል።

ባለቤቱ ፎልደሮቹ ላይ ፓስወርድ እንዳደርግለት ጠይቆኛል። ፓስወርዱን የምትይዘው እህቱ እንድትሆን ተስማምተናል። ከትምህርት ቤት የምትመለሰው ከሰዓት ስለሆነ ግን፣ አንደርቴል ጠዋት ጠዋት ዝግ ነው።